ጎንደርን በአንድ አዳር፦ በመኪና ለሚያልፉ ባልና ሚስት ዝርዝር መመሪያ

ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ አክሱም በመኪና የሚጓዙ ጥንዶች ጎንደር አድረው ሲያልፉ የሚያሰሙት ቅሬታ በጣም ይመሳሰላል። ሲመሽ ገቡ። ሆቴል ሲያፈላልጉ ራት አለፋቸው። በማግስቱ አርፍደው ተነሡና ፋሲል ግቢን በቀትር ፀሐይ ዞሩት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲደርሱ ቅዳሴ ገብቷል። ከዚያ በኋላ እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ ተኮራርፈው ተጓዙ።

ጥፋቱ የከተማዋ አይደለም፤ የቅደም ተከተል ነው። ጎንደር ቦታዎቿ ተራርቀው የተቀመጡ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት፣ በቤተ ክርስቲያን ሰዓት የምትመራ ከተማ ናት። በጊዜ ከገባችሁ፣ መኪናውን ካቆማችሁና ሁሉንም ለማየት ካልተስገበገባችሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላና የማግስቱ ግማሽ ቀን ብዙ ያሳያችኋል። ከዚህ በታች ያለውን በተራው ፈጽሙት። ሰዓቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቤት ሳላችሁ የሚያልቅ ሥራ

ቀኑን ምረጡ

ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን እዩ። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ስለሆነ፣ በእነዚህ ቀናት አብያተ ክርስቲያናቱን ከሰዓት በኋላ ለመጎብኘት አታስቡ። እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ጠዋት ነው። በየወሩ በ7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ6 ቁስቋም በምእመናን ይሞላሉ። ለመሳለም ከሆነ እሰየው፤ ሥዕልና ሕንፃ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

ጥር 10 እና 11 ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ ይህ መመሪያ አይሆናችሁም። በዚያ ሰሞን ክፍል ከወራት በፊት ይያዛል፤ ታቦታቱ በሚያልፉባቸው መንገዶችም መኪና አይንቀሳቀስም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ጭቃውና ጭጋጉ አንድ ቀን ይበላባችኋል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ያዙ። አገሩ ለምለም ነው፤ ሰማዩም ጠርቷል።

አንድ አንድ ቦታ ጻፉ

ይህችን እርምጃ የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው ፋሲል ግቢ በር ላይ የሚጨቃጨቁት። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ፣ ሳትመካከሩ፣ “ይህ ካልታየ ጎንደር መጣሁ አልልም” የምትሉትን አንድ ቦታ ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። የተጻፉት ሁለት ቦታዎች በምንም ምክንያት አይቀነሱም። የቀረው ሁሉ ጊዜ ከተረፈ የሚታይ ነው። አንዱ ፋሲል ግቢን፣ ሌላዋ የቅዳሜ ገበያን ከጻፈች፣ ጉዞው ቅዳሜን የሚነካ መሆን አለበት ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ አሁን እንጂ እዚያ ደርሳችሁ አይደለም።

ሥራም ተከፋፈሉ። መሪ የሚይዘው ሰው ሆቴል አያፈላልግም፣ ስልክ አይደውልም፣ ዋጋ አይከራከርም። ያ ሁሉ የጎን ተቀማጩ ድርሻ ነው። ሲነዳ የዋለ ሰው ከተማ ሲገባ ትዕግሥቱ አልቋል፤ የከተማውን ውሳኔ ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ሆቴሉን በስልክ ፈትኑት

የጎንደር የውኃ እጥረት የቆየ ችግር ነው። የአንገረብ ግድብ ለከተማዋ ሕዝብ አልበቃ ካለ ሰንብቷል፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚደርስባቸው ሰፈሮችም አሉ። ስለዚህ “ውኃ አለ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ “አለ” ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦

1. ሮቶ አላችሁ? ማታ 3 ሰዓት ላይ ሙቅ ውኃ ክፍላችን ድረስ ይመጣል?
2. መኪናው የሚያድረው በአጥር ውስጥ ነው ወይስ በር ላይ? ሌሊት ጥበቃ አለ?
3. መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ የሚነሣው ወዲያው ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት?
4. ከፒያሳ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?

የአራተኛው መልስ ከ15 ደቂቃ በላይ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ማታ በእግር ተመልሳችሁ የምትገቡበት ሆቴል ከዋጋው ልዩነት በላይ ይጠቅማችኋል። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነም ሌላ ፈልጉ።

የምትይዙት

ለመኪናው፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ጊዜው ያላለፈ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የተነፋ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ። መኪናው የእናንተ ካልሆነ ውክልና ወይም የኪራይ ውል ያዙ፤ በኬላ ላይ ብዙ ሰው የሚጉላላው በዚህ ነው።

ለእናንተ፦ የሁለታችሁም መታወቂያ፣ ሁለት ነጠላ፣ ለሴቷ ረጅም ቀሚስ፣ ቶሎ የሚወልቅና ለዳገት የሚመች ጫማ፣ ንጹሕ ካልሲ፣ ሹራብ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውኃ የተሞላ ጀሪካን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ናትና ቀን ብትሞቅም ማታ ትበርዳለች። ከውጭ አገር የመጣችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሆናችሁ ቢጫ ካርዳችሁን አትርሱ፤ በየመግቢያው የዜጋና የውጭ አገር ሰው ዋጋ የተለያየ ነው።

ዝርዝር ብር ያዙ። ለባጃጅ፣ ለጫማ ጠባቂ፣ ለአዝማሪ፣ ለመኪና ጠባቂ የሚሆን ትናንሽ ኖት አንዳችሁ ኪስ ብቻ ይቀመጥ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን ሁለት ጊዜ አጣሩ

ይህን ደረጃ እንድትዘልሉት አልፈቅድም። በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽት አንድ ጊዜ፣ በተነሣችሁበት ጠዋት ደግሞ አንድ ጊዜ አጣሩ።

ለማን ትደውላላችሁ? ለያዛችሁት ሆቴልና በመስመሩ ለሚሠራ ሰው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መናኸሪያ ሄዶ ማየት ነው። የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ወደ ጎንደር እየጫኑ ከሆነ መንገዱ ይሄዳል። ሹፌሮቹ ቆመው እርስ በርስ እያወሩ ከሆነ እናንተም ቁሙ። እነሱ መስመሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ አንድ ቀን መቆም ደግሞ ገቢያቸውን ስለሚነካ ያለ ምክንያት አይቀሩም።

ሌሊት አትንዱ። ለዚህ ሕግ የተለየ ሁኔታ የለም።

ነዳጅ ባሕር ዳር ላይ ሙሉ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም በሁለታችሁም ስልክ ላይ የሚሠራ ይሁን። ጎንደር ስንደርስ እንቀዳለን የሚሉ ሰዎች የማደያ ሰልፍ ላይ ከሰዓቱን ይጨርሳሉ።

ደረጃ 3፦ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ግቡ

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከኬላና ከዕረፍት ጋር ግን አራት ብላችሁ ቁጠሩት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አትለፉ።

1. እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ እግር ነዳጅ ላይ ይጠነክራል። ከብትና አህያ ድንገት የሚሻገሩት እዚህ ነው። ፍጥነት ቀንሱ።
2. ከአዲስ ዘመን በኋላ መንገዱ መውጣትና መጠማዘዝ ይጀምራል። ቀጥ ብሎ የቆመውን የድንጋይ ዓምድ ስታዩ ፎቶ ለማንሣት ኩርባው ላይ አትቁሙ፤ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና አያያችሁም። ሰፊ ትከሻ ያለው ቦታ እስክታገኙ ንዱ።
3. ማክሰኚት ላይ ለሆቴሉ ደውሉ፤ እየደረሳችሁ ነው።
4. አዘዞ ስትደርሱ ጎንደር የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ገና ናችሁ። አየር ማረፊያውም የመተማው መንገድ መገንጠያም በዚሁ አካባቢ ስለሆነ ባጃጁ፣ የጭነት መኪናውና ጋሪው ይደባለቃል። ተረጋጉና ዋናውን አስፋልት ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ኬላ ላይ መኪናውን አቁሙ፣ መስኮት አውርዱ፣ ሰላምታ ስጡ፣ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። ኬላ ፎቶ አታንሡ፤ ስልክም በእጃችሁ አይታይ።

ከዘገያችሁስ? 10 ሰዓት ላይ ገና አዲስ ዘመን ከሆናችሁ ከጎሃ ተራራ የሚታየውን የፀሐይ መጥለቂያ ከዕቅዱ አውጡት። ለመድረስ ብላችሁ አትፍጠኑ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ከሆናችሁ በቅርብ ባገኛችሁት ከተማ እደሩ።

ደረጃ 4፦ መኪናውን አቁሙት፣ ቁልፉን ሻንጣ ውስጥ አስገቡት

ጎንደርን ከመኪና ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። የድሮው ከተማ መንገድ ጠባብ፣ ዳገታማና ባጃጅ የበዛበት ነው፤ ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር የሚውል ሹፌር ደግሞ ምንም ሳያይ ይውላል። መኪናውን ሆቴሉ አጥር ውስጥ አስገቡ፣ የሚታይ ዕቃ አውጡ፣ ለጥበቃው ሰላምታና ትንሽ ጉርሻ ስጡ፤ እስከ ማግስቱ መውጫ ድረስ አታንቀሳቅሱት።

ክፍሉን ሳታዩ ሻንጣ አታውጡ። ቧንቧውን ክፈቱ። ውኃ ከሌለ ያኔውኑ ተናገሩ፤ ከተኛችሁበት በኋላ ክፍል መቀየር አይቻልም። ውኃ ሲመጣ አንድ ባልዲ ሙሉ፤ ሌሊት ትፈልጉታላችሁ።

ከዚያ አንድ ሰዓት ተኙ። ይህ ቅንጦት አይደለም። የነዳው ሰው ካላረፈ ማታው ለሁለታችሁም ይበላሻል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ከሰዓት

ዛሬ ፋሲል ግቢ አትግቡ። ሊዘጋ ሲል ተጣድፎ መግባት ትኬቱን ማባከን ነው።

1. ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ በእግር ወደ ፒያሳ ውጡ። የዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት የከተማዋ እምብርት ነው፤ ከዚህ በኋላ አቅጣጫ ስትጠይቁ ከፒያሳ ተነሥታችሁ ጠይቁ። የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ እዚሁ ናቸው። ቡና ጠጡ።
2. ወደ ታች ወደ ጃንተከል ዋርካ ውረዱ። የፋሲል ግቢ የጎብኚ በር በዚያው አካባቢ ነው። ነገ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ በቀትር ይዘጋ እንደሆነ፣ የፋሲል መዋኛ ትኬት አብሮ ይቆረጥ እንደሆነ ጠይቁ። ይህች አምስት ደቂቃ የነገውን ግማሽ ቀን ታድናለች።
3. ብትጠፋፉና ስልክ ባይሠራ የምትገናኙበት ቦታ ይኸው ዋርካ ይሁን ብላችሁ ተስማሙ። ኔትወርክ የሚቋረጥበት ቀን አለ።
4. 11 ሰዓት ላይ ባጃጅ በኮንትራት ይዛችሁ ወደ ጎሃ ተራራ ውጡ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ “ደርሶ መልስ፣ ከነመጠበቂያው” ብላችሁ ተነጋገሩ። መመለሻ ባጃጅ እዚያ ላይ ማግኘት ችግር ስለሆነ የወሰዳችሁን ሰው አትልቀቁት፤ ግማሹን ክፈሉና ግማሹን ስትመለሱ ስጡ።

ጎሃ ላይ ጸጥ ብላችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ሥራ አለባችሁ። የፋሲልን ግንብ ከታች ፈልጉት፤ ከእሱ ተነሥታችሁ ፒያሳን፣ የሥላሴን ዛፎችና የቁስቋምን ኮረብታ ለዩ። የነገውን መንገድ ከላይ ያየ ሰው ነገ አይጠፋም።

ደመና ከሆነ አትውጡ። በምትኩ ራስ ግምብ የሚባለውን አሮጌ ግንብ እዩ፤ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ራትና አዝማሪ ቤት

ጾም ከሆነ በያይነቱ ብሉ፤ ጎንደር ጾሟን አጥብቃ የምትይዝ ከተማ ናት፤ ብዙ ምግብ ቤቶች በጾም ቀን የፍስክ አያቀርቡም። ፍስክ ከሆነ ጥብሱም ዶሮውም አለላችሁ። ነገ የሚነዳው ሰው ጠላውን ቀምሶ ይተው። የቤት ጠላ ሲጠጡት ቀላል ይመስላል፤ ጠዋት ላይ ነው የሚታወቀው። ጥሬ ሥጋ በጉዞ መሀል አልመክርም፤ ሆድ የታመመ ሰው የያዛችሁትን ዕቅድ ሁሉ ያፈርሳል።

አዝማሪ ቤት ሳይሄዱ ጎንደርን ማለፍ ያሳዝነኛል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ቡርባክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ፤ ሙያው እዚህ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። የሚከተለውን ሥርዓት ያዙ፦

1. የሆቴሉን ሠራተኛ ዛሬ የትኛው ቤት እንደሚዘፈን ጠይቁ። አብሮም ባጃጅ የሚቆምበትን የምሽት ሰዓት ጠይቁ፤ በየጊዜው ይለዋወጣል።
2. ግድግዳ ይዛችሁ ተቀመጡ። የምትጠጡትን አስቀድማችሁ እዘዙ፤ ዋጋ ጠይቁ።
3. ማሲንቆው ወደ እናንተ ሲዞር አትሽኮርመሙ። ስለ ልብሳችሁ፣ ስለ ፍቅራችሁ፣ ስለ ባል ዝምታ ይገጥማል። በዚህ መቀየም ነውር ነው።
4. ሁለት ስንኝ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። “ተቀበል!” በሉትና ስጡት፤ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል። ለምሳሌ፦

ከጣና ተነሥተን ሰሜን ልንወጣ፣
ጎንደር አሳደረን እንቅልፍ እስኪመጣ።

5. ሽልማቱን በዝርዝር ብር ስጡ። አንድ ትልቅ ኖት መጀመሪያ ላይ ከሰጣችሁ ሌሊቱን ሙሉ ከእናንተ አይርቅም፤ ከሰው ፊት መልስ መጠየቅ ደግሞ አይቻልም።

ባጃጅ ከሚቆምበት አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ደረጃ 7፦ ጠዋት ከየት ይጀመራል?

ሕጉ ይህ ነው፦ ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይቅደም። እሑድና በወሩ በ7 ፋሲል ግቢ ይቅደም፤ ሥላሴ ከ4 ሰዓት በኋላ ይሁን። በሌላው ቀን ሁሉ ሥላሴን አስቀድሙ፤ የጠዋቱ ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ግርግርም የለም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ከፒያሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባጃጅ ሂዱ። ትኬቱ ከፋሲል ግቢ የተለየ ነው። ነጠላችሁን አጣፉ፣ ጫማ በር ላይ አውልቁ፣ ወንድና ሴት በየበራችሁ ግቡ።

ከገባችሁ በኋላ ቶሎ ስልክ አታውጡ። ውስጡ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ። ከዚያ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች መጀመሪያ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንዱን ረድፍ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ተከተሉት፤ የአንዱ ዓይን ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ፣ ቅንድቡ ከፍ ያለው፣ ከንፈሩን ገጠም ያደረገው፣ አንዱም ከሌላው እኩል እንዳልሆነ ታያላችሁ። ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴን፣ ከሥሩ ስቅለቱን እዩ። የፎቶ ብልጭታ ክልክል ነው፤ ቀለሙን ይጎዳል። የስልክ ባትሪ ብርሃንም ሥዕሉ ላይ አታብሩ።

ወጥታችሁ ወዲያው አትሂዱ። በአጥሩ ዙሪያ ያሉት 12 ክብ ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ የመግቢያው ማማ ደግሞ በአንበሳ ይመሰላል። የአንበሳውን ጅራት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምዕራብ ባለው ግንብ ላይ ፈልጉት። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ዞራችሁ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው ተወዳደሩ።

በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት፦ በሩን አታንኳኩ። ግቢ ውስጥ ያለ አገልጋይ ፈልጉና ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ በትሕትና ጠይቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ወደ ፋሲል ግቢ ሄዳችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ፋሲል ግቢ፣ ሁለት ሰዓት

1. መታወቂያችሁን አሳይታችሁ ትኬት ቁረጡ። ደረሰኙን አትጣሉ፤ ፋሲል መዋኛ ላይ ይጠየቃል።
2. አስጎብኚ የምትይዙት ከበሩ፣ ባጅ ያደረገውን ብቻ ነው። መንገድ ላይ “ላሳያችሁ” ብሎ የሚከተላችሁን ወጣት “እናመሰግናለን፣ ሰው አለን” ብላችሁ አትቁሙ። ዋጋውንና የሚፈጀውን ሰዓት ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።
3. ከደቡብ ወደ ሰሜን ሂዱ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዘሎ የሚሄድ ሰው ምንም አይገባውም። ግንቦቹ በነገሥታቱ ተራ ነው የሚቀበሏችሁ፦ ፋሲለደስ፣ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት አዳራሽ፣ በካፋ፣ በመጨረሻም እቴጌ ምንትዋብ።

ከፋሲለደስ ግንብ አትቸኩሉ። አራቱን ክብ ማማዎች ከአንድ ማዕዘን ሳይሆን ዞራችሁ እዩአቸው። የኢያሱ ግንብ ለምን እንደተጎዳ አስጎብኚውን ጠይቁ፤ የምድር መንቀጥቀጥም፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብም አግኝቶታል። የአንበሶቹን ቤት አይታችሁ እለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የድንጋይ ደረጃዎቹ ወጣ ገባና መደገፊያ የሌላቸው ናቸው፤ በዝናብ ያንሸራትታሉ። የተከለለ ቦታ ላይ አትውጡ፤ ግንብ ላይ ተቀምጣችሁ ፎቶ አትነሡ። ግቢው ከ300 ዓመት በላይ የቆመ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ኖራው በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል።

አንዳችሁ ከደከማችሁ፦ አትጎትቱ። ዛፍ ጥላ ሥር ይረፍ፣ ሌላው ከአስጎብኚው ጋር ይጨርስ። ሰዓት ቁረጡ፣ በሩ ላይ ተገናኙ።

ደረጃ 9፦ መዋኛውና ቁስቋም

ፋሲል መዋኛ

ከፒያሳ በስተሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፋሲል ግቢን ሳያይ በቀጥታ ወደዚህ መጥቶ ነው፤ የትኬቱ መቁረጫ ያለው ግቢው በር ላይ ነው። ሌላም ነገር እወቁ፦ ገንዳው በውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ከቀሃ ወንዝ እየተጠለፈ ይሞላና ከበዓሉ በኋላ ይለቀቃል። በሌላ ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ላይ የቆመ ግንብ ጠብቃችሁ አትዘኑ።

የሚታየው ሌላ ነው። በአጥሩ ላይ የበቀሉት ትልልቅ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ አፍስሰዋል፤ አንዳንዱ ሥር በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ በሌላ በኩል ወጥቷል። ዛፉ ቢቆረጥ ግንቡ ይናዳል፣ ግንቡ ቢናድ ዛፉ ይወድቃል። ሥሩ ላይ አትውጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ቁስቋም

ሰዓቱ ከ5 ሰዓት ተኩል ካላለፈ ያው ባጃጅ ወደ ቁስቋም ያውጣችሁ። እቴጌ ምንትዋብ በኮረብታው ላይ ያሠራችው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። ፍርስራሽ ነው ብለው የሚተዉት አሉ፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን እሱን ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ከቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፤ በእጅ ሳትነኩ በጣት ርቀት ተመልከቷቸው፤ የመሮው ምልክት ይታያል። የእቴጌይቱ፣ የልጇ የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጇ የኢዮአስ ዐፅም ያረፈበትን ቦታ ለማየት አገልጋዩን ጠይቁ። ጉርሻውን በእጁ ስጡት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ሰዓቱ ካለፈ ቁስቋምን ተዉት። አንዳችሁ በወረቀት ላይ የጻፋችሁት ቦታ ከሆነ ግን የሚቀረው መዋኛው ነው።

ደረጃ 10፦ መውጣት

1. 7 ሰዓት ላይ ምሳ ብሉ። የሆቴሉን ሂሳብ ምሳ ከመምጣቱ በፊት ዝጉ።
2. ወደ ደባርቅ ያለውን መንገድ እንደ ደረጃ 2 እንደገና አጣሩ። የባሕር ዳሩ መንገድ ሰላም መሆኑ ለደባርቁ ማስረጃ አይሆንም።
3. ጎማውን፣ ዘይቱንና ፍሬኑን እዩ። ጎማ ከተነፈሰ ጎሚስታ ከከተማ ሳትወጡ ፈልጉ። ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን የምትወርዱ ከሆነ ፍሬኑን በጋራዥ ሳታስፈትሹ አትነሡ፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረዱ።
4. ወለቃን ለመውጫ አስቀምጡ። የቤተ እስራኤል የቀድሞ መንደር በደባርቅ መንገድ ላይ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሄዶ መመለስ አያስፈልግም። አሮጌውን ምኩራብ እዩ፣ የሸክላ ቅርጾች ግዙ። በልብስ ጠቅልላችሁ ከወንበር ሥር አድርጉት፤ ኋላ ሻንጣ ውስጥ የገባ ሸክላ ደባርቅ ሙሉውን አይደርስም።
5. ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያና ጠባቂ የሚያዘው እዚያ ነው። የቢሮ ሰዓት ሳያልቅ ለመድረስ ከ8 ሰዓት በፊት ከከተማ ውጡ።

ችግር ቢገጥማችሁ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሕመም ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተማው ውስጥ አለ፤ ታምሞ መንገድ የሚቀጥል ሰው አይኑር።

ምሳው ተጓትቶ፣ ጎሚስታው ዘግይቶ ወይም ወለቃ ላይ ቆይታችሁ ከ9 ሰዓት ካለፈ አትነሡ። ሆቴሉ ክፍል እንዳለው ጠይቁና መኪናውን ወደ አጥሩ መልሱ፤ የጾም ቀን ካልሆነ ቁስቋም ለዚያ ከሰዓት ይበቃችኋል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትወጣላችሁ።